ድምፁ የታፈነ ወለል

ሐሙስ ጠዋት፣ ሚያዝያ 9

ለልጄ እናት፣

እንዴት ከረምሽ? ወገብሽስ? የልጃችን ቤት ደረጃ ቀጥ ያለ ነው፤ ስትወርጂ መደገፊያውን ያዢ። እኔን ካልሽ ደህና ነኝ። እበላለሁ። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። የሳሎኑን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁት፤ አሁን አይጮህም መሰለኝ።

ይህን የምጽፈው ጀልባ መጠገኛው ግቢ፣ ጀልባው አጠገብ ባልዲ ገልብጬ ተቀምጬ ነው። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። መቀመጥ እምቢ ብሎኛል። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ጀልባውን ዞሬ እመለሳለሁ፣ ሌላ መስመር እጽፋለሁ። አካሄዱ ቢዛባ አትፍረጂብኝ። ክሬኑ የሚመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ያን ቀን ጀልባው ውኃ ላይ ካልወረደ ክሬኑ ተመልሶ የሚመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው።

ሳታማክረኝ ገዛኸው ብለሽኛል። እውነት ነው። ለጎረቤቱ ሁሉ “ባልዲ ውኃ የሚፈራ ሰው ጀልባ ገዛ” ማለትሽንም ሰምቻለሁ። እሱም እውነት ነው። ሰው ጡረታ ሲወጣ እጁ ሥራ ይፈልጋል። የልብስ ስፌት መኪናሽን ፈትቼ የገጠምኩት ማን አስተምሮኝ ነው? ወፍጮ ቤት ሠላሳ ዓመት ሞተር ስጠግን ማን ቆሞ አሳየኝ? ጀልባም የሰው ሥራ ነው አልኩ።

መጽሐፍ አነበብኩ። ፋይበር ቀላል ነገር መሰለኝ። ከመስታወት ክር የተሠራውን ጨርቅ ታነጥፊያለሽ፣ ፈሳሹን ሙጫ ከማድረቂያው ጋር ለውሰሽ ትቀቢያለሽ፣ ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይሆናል። ጣጣው ከሥሩ ያለው እንጨት ነው። ውኃ አንዴ ከገባበት ላዩ እንደ ሙሽራ ነጭ ሆኖ ውስጡ ይበሰብሳል። ይህን ለማወቅ በመዶሻ እጀታ ማንኳኳት ነው። ደህናው ጥርት ብሎ ይጮሃል፣ የበሰበሰው እንደ እርጥብ ካርቶን ታፍኖ ይቀራል። መጽሐፉ እንደዚያ ይላል።

ወለሉን ከአፍንጫው እስከ ኋላው በየስንዝሩ አንኳኳሁ። ሁሉም አንድ ነው። ደህና ነው ብዬ ፈረድኩ፣ ፋይበር መደረብ ጀመርኩ።

አሁን ተነስቼ ነበር። ሸራው በንፋስ ተገልጦ አሠርኩትና መጣሁ።

አንቺ የመጣሽው ሁለተኛውን ድርብ ላነጥፍ ስሰናዳ ነው። ጥሩ ጫማሽን አድርገሽ በዚያ አቧራ መሰላሉን ወጣሽ። ጎንበስ ብለሽ ገበያ ላይ ሐብሐብ እንደምትመርጪው ወለሉን በጣትሽ አንኳኳሽ፤ ይህን አይቻለሁ። እኔ ሙጫው ጣሳው ውስጥ መሞቅ ጀምሮብኝ ነበር። ከለወሱት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚታገሠው። ዞሬ ጨርቁን ነከርኩ። ቀና ስል አንቺ የለሽም፤ የግቢው በር ላይ ጀርባሽን አየሁት። ፀሐዩ ከብዷት ነው አልኩ። በሁለተኛው ቀን ሻንጣሽን ይዘሽ ልጃችን ጋ ሄድሽ፣ “ሕፃኑን ለማየት” ብለሽ። ሕፃኑን ስታዪ ስምንት ወር ሆነሽ።

ባለፈው ሳምንት ወለሉ ላይ ስቆም እግሬ ሥር ረገበ። እኔ ሰው አልጠራም፣ ታውቂያለሽ። ግን የክሬኑ ቀን ተቃረበ። እዚህ ግቢ ጀልባ የምትጠግን አንዲት ሴት አለች፣ ሙጫዋ ይሏታል፤ ጣቶቿ ሁልጊዜ እንደተጣበቁ ናቸው። ጠራኋት። በግራይንደር አንድ ክንድ ያህል ቆርጣ ከፈተችው። ጥቁር ውኃ ወጣ። ከፋይበሩ ሥር ያለውን እንጨት፣ ኮምፖልሳቶውን፣ በእጇ እንደ እርጥብ ዳቦ እየቆረሰች አወጣችው።

“አባባ፣ ይሄን ማን ነው የደረበው?”

“እኔ ነኝ።”

“ሥራውስ ንጹሕ ነው። ሬሳ ነው የከፈኑት እንጂ።”

“ሳላንኳኳ የደረብኩት መሰለሽ?”

መዶሻዬን ተቀበለችኝና ሁለት ቦታ መታች። “ይሄ ደህና። ይሄ የሞተ። ሰሙ?”

“ሰማሁ።”

እንደገና መታች፣ ቦታውን እየቀያየረች። “አሁንስ የቱ ነው የሞተው?”

በጣቴ አንዱን አሳየሁ። ቀና ብላ አየችኝ። ብትስቅ ኖሮ ከጀልባዬ አስወርዳት ነበር። አልሳቀችም። ትከሻዬን ይዛ እንደ ቁም ሣጥን አዞረችኝና በቀኜ በኩል ሆና መታች። ያን ጊዜ ልዩነቱ መጣልኝ፤ ቀጭን ነው፣ ግን አለ።

“ግራ ጆሮዎ መቼ ሄደ?” አለችኝ።

“ሥራሽን ሥሪ” አልኳት።

መቼ እንደሄደ አላውቅም። ወፍጮ ቤት ግራዬን ለሞተሩ ሰጥቼ ነበር የምቆመው። ሞተር ሲታመም ከበር ላይ ሆኜ በጆሮዬ የማውቅ ሰው ነበርኩ። የኋላ የኋላ ግን ንዝረቱን በእጄ ዳስሼ ነበር የማውቀው። ማንም አልነቃብኝም። አንቺም አልነቃሽም። እኔም ራሴን ጭምር ሸወድኩ፤ ሰው ሲያወራኝ ፊቱን አይቼ ራሴን እነቀንቃለሁ። ስልክ ፊት የለውም። ስልክ የማላነሳው ለዚህ ነው፤ ለኩራት አይደለም። ወይም ለኩራት ነው፣ ግን አንቺ እንዳሰብሽው ዓይነት አይደለም።

ደግሞ ተነሳሁ። ሁለት ዙር ዞርኩ። ይህን ገጽ ልቀድደው ነበር። ተውኩት።

ወለሉ በተከፈተ ማግሥት ለልጃችን ጻፍኩላት። እናትሽ ያን ቀን ጀልባው ላይ ምን ብላኝ ነበር ብዬ። የመለሰችልኝን ስልኬ ላይ አሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። “አባዬ፣ ትቀልዳለህ? እንጨቱ በስብሷል አለችህ። ዝም አልክ። ከዚያ ‘በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ የእኔ ቦታ የት ነው?’ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀችህ። ሦስቴም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለህ ጀርባህን ሰጠሃት። እሷ እኮ ለእንጨቱ ብላ አይደለም የሄደችው።”

አልሰማሁሽም። ይኸው ጻፍኩት። እንጨቱንም፣ ጥያቄውንም አልሰማሁም። ብሰማ ምን እመልስልሽ እንደነበር ግን አላውቅም፤ ስለዚህ አልዋሽሽም። ምናልባት ያው ጀርባዬን እሰጥሽ ነበር። አርባ አንድ ዓመት የኖርሽው ከእኔ ጋር ነው፣ ከሌላ ሰው ጋር አይደለም።

ወለሉን በሙሉ አወጣሁት። ደህናውንም ጭምር፤ የቱ ደህና እንደሆነ ለመፍረድ ጆሮዬን አላመንኩትም። አዲስ ኮምፖልሳቶ ቆርጬ ጠርዝ ጠርዙን ሙጫ አጠጣሁት። ሙጫዋ ማድረቂያውን በዓይን ሳይሆን በሐኪም መርፌ እንድለካ አስገደደችኝ። ተጨቃጨቅን። ለካሁ። በሦስት ቀን ደረቀ። እሷ በመዶሻ፣ እኔ በቀኝ ጆሮዬ ዞርነው። ጥርት ብሎ ነው የሚጮኸው።

ትናንት ደግሞ መሪውን ፈታሁት። ሙጫዋ መጥታ ወገቧን ይዛ ቆመች።

“አባባ፣ አሁን ደግሞ ምን ሊያፈርሱ ነው?”

“መሪውን ወደ ግራ ላዛውረው ነው።”

“የጀልባ መሪ በቀኝ ነው። እዚህ ግቢ ያሉትን ሁሉ ይዩ።”

“የእኔ በግራ ነው።”

“ለምን? የመሪው ገመድ እንኳ አይደርስም!”

“አብሮኝ የሚቀመጠው ሰው ወንበር በቀኜ እንዲውል።”

ከዚያ ሄዳ ረጅም ገመድ ይዛ መጣች።

እንግዲህ ልጨርስ። ወንበሩ ቦታው ላይ ነው፤ አራት ብሎን ነው የቀረው። ከፍታውን ለመጨረስ የሚቀመጥበት ሰው ያስፈልጋል። የማንም ጀልባ ጠጋኝ ቁመት አይሆነኝም። በክሬኑ ዋዜማ ዐርብ ከመጣሽ ለክቼ አጠብቀዋለሁ፣ ቅዳሜ እንወርዳለን። ካልመጣሽ ክሬኑን ባዶውን እመልሰዋለሁ። አምስት ወር ነው። ጠብቄ አላውቅም፤ እጠብቃለሁ።

አምላክ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ወገብሽን ያጽናልሽ። የልጅ ልጃችንን ሳሚልኝ፤ ልጃችንንም ስለነገረችኝ አመስግኚልኝ። መልስሽን በስልክ አትንገሪኝ። እዚህ መጥተሽ በቀኜ ቆመሽ፣ እምቢም ከሆነ እምቢ በይኝ።

ያው ሰውዬሽ