የደፈንኩት ጉድጓድ

ወልቂጤ፣ የካቲት 2003 ዓ.ም.

ለምወድሽ ለታላቅ እህቴ፣

አሰላሙ አለይኪ እትዬ። እንዴት ነሽ? ያ የጉልበትሽ ቁርጥማት ተሻለሽ ወይስ ብርድ በገባ ቁጥር ይነሳብሻል? ባልሽ ሙባሪክስ? ልጆቹስ? የቡታጅራ ገበያስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ለጤናዬ ደህና ነኝ። አባባም ከእጁ በቀር ደህና ነው። የእጁን ነገር ኋላ እነግርሻለሁ።

ደውለሽ ደውለሽ እንደሰለቸሽ አውቃለሁ። ስልኬ እኔ ጋ የለም። ይህንንም ወረቀት ለምኜ ነው ያገኘሁት። ስታነቢው በርበሬ እየለቀምሽ አይሁን፣ እጅሽን ታጠቢና ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አውቅሻለሁ፣ ዓይንሽን መጥረግሽ አይቀርም።

ከዛምቢያው የዱር እንስሳ ጥበቃ ስልጠና ስመለስ እንዴት እንደፎከርኩ ታስታውሻለሽ? እዚያ አገር ወንዝ ዳር ያለው ገበሬ ዝሆኑንም ጉማሬውንም ራሱ ይጠብቃል፣ ከጎብኚ በሚገኘው ወፍጮና ትምህርት ቤት ይሠራለታል እያልኩ ራት አላስበላ አልኳችሁ። ከሁሉ የገረመኝ የበርበሬው ነገር ነበር። ደቁሰው ከእበት ጋር ለውሰው ያደርቁትና ማሳው ዳር ያጨሱታል። ያ ተራራ የሚያህል ዝሆን እያስነጠሰው ዞሮ ይሄዳል! በርበሬማ የኛ አይደል እንዴ አልኩ በልቤ። አንቺም ስቀሽ ስቀሽ፣ የነጣውንና የተሰባበረውን ሁለት ጆንያ ሞልተሽ ላክሽልኝ።

አንቺ አግብተሽ ከሰፈር ከወጣሽ ወዲህ የግቤ ጉማሬዎች ሰውን አስመርረዋል። ማታ ማታ ከወንዙ እየወጡ በቆሎውን ይረግጡታል። ሰዉም መንገዳቸው ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ሹል እንጨት ተክሎበት፣ በቅጠል ይሸፍናል። ያንን ማስቆም የኔ ሥራ ነው፤ እንጀራዬ ነው። አለቆቼ ጉድጓድ የቆፈረውን ሁሉ ክሰስ አሉኝ። ያሳደገኝን ሰው እንዴት ልክሰስ? ላግባባ ብዬ ሰፈሩን ሰብስቤ፣ ጉድጓዱን ድፈኑና በርበሬ እናጭስ አልኩ።

ማን ይስማኝ! ጎረቤታችን ሸረፋማ፣ ይሄ ልጅ ዛምቢያ ድረስ ሄዶ ለጉማሬ ወጥ መሥራት ተምሮ መጣ ብሎ ሕዝቡን በሳቅ ገደለው። ይሄኔ አባባ ተነሳ። በሰፈራችን ሽማግሌ ቆሞ ዋስ ከሆነ ነገሩ እንዳለቀ ታውቂያለሽ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥፋት ሁሉ የሚጠየቀው በእሱ ደጅ ነው። ጉድጓዱን ድፈኑ፣ ከእንግዲህ ጉማሬ ለሚያጠፋው ተጠያቂው የኔ ቤት ነው አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዛምቢያ በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አያውቅም፤ ያመነው እኔን ነው። እኔም ያኔውኑ አካፋ ይዤ፣ ወደ ማሳውና ወደ ሴቶቹ ውሃ መቅጃ መንገዱ የሚለያይበት ቦታ ላይ ያለውን ትልቁን ጉድጓድ በገዛ እጄ ደፈንኩት። አጨበጨቡልኝ። አይ እኔ!

በርበሬሽ ሠራ እትዬ። ሁለት ወር ሙሉ አንድ የበቆሎ አገዳ አልተሰበረም። ሸረፋ ራሱ በርበሬ ጨምርልኝ ብሎ ደጅ ጠናኝ። ሪፖርት ጻፍኩ፣ ተመሰገንኩ። ግን ጉማሬ በጭስ ተባረረ ተብሎ ጦሙን አያድር። ከበቆሎው ሲባረር በደፈንኩት ጉድጓድ ላይ አልፎ፣ ሳር ፍለጋ ወደ ሴቶቹ ውሃ መቅጃ መውረድ ጀመረ። ዛምቢያ ሲያስተምሩን፣ ከማጨሳችሁ በፊት አውሬው ወዴት እንደሚሄድ እዩ ብለውን ነበር። ደብተሬ ላይ አለ። በገዛ እጄ ጽፌ ረሳሁት።

ሀጀራ፣ የሰይዶ ሚስት፣ ለሠርግሽ ሂና የቀባችሽ፣ አንድ ቀን ጠዋት ጄሪካኗን ይዛ ወረደች። ልጇን ያስከተለች ጉማሬ ውሃው ዳር ነበረች። ጩኸቷን ሰምተን ስንደርስ አልቆ ነበር እትዬ። ሦስት ልጆች ጥላለች፤ ትንሹ ገና ጡት አልተወም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ መንገዱ ላይ ያለውን ዱካ ስከተል ነበር፤ የደፈንኩት ጉድጓድ ላይ አደረሰኝ። ምነው እግሬን በሰበረውና ዛምቢያ ባልሄድኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰይዶ ምንም አልጠየቀንም። ቢጠይቀን ይሻለን ነበር። ሽማግሌ አልላከ፣ አልከሰሰ፣ ክፉ ቃል አልወጣውም። መስጊድ ውስጥ ግን ከአባባ ጎን መቆም ተወ። ለቅሶው ላይ አባባ በሩ ሥር ተቀመጠ፤ ወደ ውስጥ ዝለቅ ያለው ሰው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ጠብ ሲያስታርቅ የኖረ ሰው!

እቤት ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። መሥሪያ ቤትህ ያቺን ጉማሬ ያነሳልናል ወይ አለኝ። ጽፌያለሁ አባባ፣ ትንሽ ታገስ አልኩት። ሦስት ጊዜ ጻፍኩ። ኮሚቴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሳያይ አይሆንም አሉኝ። ላም አለኝ በሰማይ! ጉማሬዋ እንደሆነ በየቀኑ ውሃ መቅጃው ላይ ናት፤ ሴቶቹ ሌላ ውሃ የላቸውም። አባባ ማታ ማታ መልስ መጣ ወይ ይለኛል፣ እኔ ታገስ እለዋለሁ። በኋላ መጠየቁንም ተወው።

ከዚያ ወዲህ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ቤት አይገኝም ነበር። እንሰቱን ሊያይ ወርዶ ይሆናል አልኩ። አካፋውም ጠፋ፤ ሸረፋ ተውሶት ይሆናል አልኩ። አንቺ ብትሆኚ ወዲያው ይገባሽ ነበር።

በገበያ ቀን፣ መልስ ካለ ብዬ ወልቂጤ ደርሼ ስመለስ ሰፈሩ በሙሉ መንገዱ መለያያ ላይ ቆሟል። የደፈንኩት ጉድጓድ ተከፍቷል። ጉማሬዋ ውስጡ ሞታለች። ልጇ ከውሃው ብቅ እያለች ትጮሃለች። አለቀስኩ እትዬ። ሰይዶ እያየኝ፣ ሚስቱን ለገደለች አውሬ አለቀስኩ። ምን ላድርግ፣ አልቻልኩም።

ያን ቀን ማታ ራት ቀረበ። አባባ ቆጮውን መቁረስ አቃተው። መዳፉ በሙሉ ቆስሎ፣ ውሃ ቋጥሮ፣ ፈርጦ ነበር። እኔ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። እየቆረስኩ አጎረስኩት። እንደ ሕፃን በላ። ሌሊቱን ትኩሳት ያዘው።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቴና ከፖሊስ ሁለት መኪና ሙሉ ሰው ከች አለ። ለሀጀራ አንድ ሰው ያልመጣ! ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ማነው የቆፈረው እያሉ ሰፈሩን አሰለፉት። ማንም አልተነፈሰም። ሰይዶ አልነበረም። ሀጀራ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃችንን ረግጦ፣ አባባ የተኛበት መደብ ሥር ተቀምጦ ነበር። ያንን አይቼ ነው የወጣሁት። እኔ ነኝ አልኳቸው። ፖሊሱ እጄን ይዞ መዳፌን ገለበጠው። ከስክሪብቶ ቀለም በቀር ምን ያገኛል? ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ጻፈ።

ይኸው ዘጠኝ ቀኔ ነው ወልቂጤ ከታሰርኩ። የዱር እንስሳ ጠባቂው ጉማሬ ገደለ እየተባለ መሳቂያ ሆኛለሁ። ሥራዬ እንደሆነ አብቅቷል። ስንት ዓመት እንደሚፈርዱብኝ አላውቅም፤ የሚያውቅም አላገኘሁም።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። አባባ ለስልጠና ተመልሼ ዛምቢያ የሄድኩ መስሎታል። ሰፈሩ በሙሉ እንዲያ ብሎ ነግሮታል፣ ሸረፋ ሳይቀር። አንቺም እንዲያው በይው። ከሰማ በዚያ እጁ ዱላውን ይዞ እዚህ ይመጣል፤ አባባ ደግሞ ውሸት አያውቅም። እስከ መቼ እንደሚደበቅ እንጃ። ሌላ መላ የለኝም እትዬ፣ ጨርሻለሁ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ሹፌሩ ሙስተፋ ነው፤ ሻዩን ጋብዢውና ወሬ አትጠይቂው። የሀጀራን ትንሽ ልጅ ሄደሽ እይልኝ። በርበሬው ያንቺ ስለሆነ በራስሽ ላይ እንዳትፈርጂ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ ቤትሽን በረካ ይሙላው፣ ጉልበትሽን ይማርልሽ። ለእኔም ዱዓ አድርጊልኝ።

ወደ አባባ ስትሄጂ ለጋ ቅቤ ያዢለት፣ መዳፉን ቀቢው። ምን ሆነህ ነው ብለሽ ግን አትጠይቂው።

ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ