ሦስት ጥቅልል፣ አምስት ጭረት

ውድ ወንድም ጋሼ፣

«ውድ» ያልኩህ እናታችን እንዳትቀየመኝ ብዬ ነው። ቢሮህ ድረስ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊህ «እህታቸውም ቢሆኑ ቀጠሮ ይያዙ» አለችኝ። እንግዲህ ርእሰ መምህሩ ጊዜ ሲያገኙ ያንብቡት።

ማክሰኞ ክፍሌ ስትገባ ሰሌዳው ላይ ያየኸው የጥንት ግብፆችን ቁጥር ነው፤ ለአንድ ጭረት፣ ለአሥር ቅስት፣ ለመቶ የገመድ ጥቅልል። የልብስ ሰፊዋ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሦስት መቶ አምስትን 3005 እያለች ስትጽፍ ኖራለች። እንደሰማችው ሦስት መቶን ትጽፍና አምስትን ትቀጥልበታለች። ስንቴ አረምኳት፤ ጠብ ያለ ነገር ግን የለም። ያን ዕለት ሦስት ጥቅልልና አምስት ጭረት ሣለችና እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እነሱ መቶን በምልክቱ ነው የሚያውቁት። እኛ በቦታው ነው እንዴ?»

«ቀጥይ» አልኳት።

«እንደዛ ከሆነማ አንዱ ዜሮ ትርፍ ነው!» ብላ ደብተሯ ላይ አጠፋችው። አልደብቅህም፣ እንባዬ መጣ።

አንተ የገባኸው ይሄኔ ነው። ዳስተሩን አንስተህ ሰሌዳውን ጠረግከው። «የሞተ ሰው ቁጥር ፈተና ላይ አይመጣም!» አልክ፤ ልጆቹም ሳቁ። በማግስቱ ልጅቷ ወደ ሦስተኛ ክፍል ትመለስ የሚል ወረቀት ላክህልኝ። ምክንያቱ «ቁጥር መጻፍ አትችልም» ይላል። ዓይንህን በጨው ታጥበህ!

አምና መቶ አምስት ወንበር ለማዘዝ 1005 ብሎ የጻፈው ማን ነበር? አናጢው በጭነት መኪና ሲመላለስ ሰነበተ፤ ዛሬም አዳራሹ መግቢያ የለውም። አንተን ግን ሦስተኛ ክፍል የመለሰህ የለም። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው። መሳሳትህን አልንቅም፤ ሰው ይሳሳታል። የምንቀው ለምን እንደተሳሳትክ እስከ ዛሬ አለመጠየቅህን ነው። እሷ በዘጠኝ ዓመቷ ጠይቃ ደርሳበታለች። ቁጥር ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ሰው አስቦ የሠራው መሆኑን ያየ ልጅ «ለምን?» ማለት ይጀምራል፤ አንተ ደግሞ ከጥያቄ ጋር ድሮም አትዋደድም።

ትናንት ዜሮ ያለባቸውን ሃያ ቁጥሮች በቃሌ ነገርኳት፤ ሃያውንም በትክክል ጻፈች። መልሷን ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ፤ ማረም ካቃተህ እሷን አስጠራት። ወረቀትህ የክፍል አስተማሪ ፊርማ ይፈልጋል፤ እኔ አልፈርምበትም። ሰኞ ልጅቷ ወንበሯ ላይ ትገኛለች። ካስወጣሃት እኔንም አብረህ አስወጣኝ፤ ምክንያቱን ግን በልጆቹ ፊት አንተው ትናገራለህ።

ፊርማዬን ከፈለግከው ይኸውልህ፦

እህትህ፣
የአራተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪዋ