ያልጠየቅሁት ክብደት

ጃንዋሪ 14 ቀን

ወንድሜ ኮርቢኒያን፣ ይህ የእማማ ደብዳቤ ነው። የበረዶ መንሸራተቻ በሰም እየቀባች እጇ ሰም ስለሆነ የምጽፈው እኔ ቡርጊ ነኝ፤ መጻፉን ግን ፈርቼዋለሁ።

«ፈጣሪ አጥንትህን ይጠብቅልህ በይው። ላሚቱ ወልዳለች በይው። እዚያ ካናዳም ሲንሸራተት ውሎ ሲደክመው ይቁም፤ ሰው የሚሰበረው ‹አንዴ ልድገም› ሲል ነው በይው» ትላለች።

ቀጥላ «አንዲት እንግዳ ወድቃ ጉልበቷ ተጎዳ በይው» ስትለኝ እጄ ቆመ።

«ምነው፣ ቀለሙ በረደብሽ?» አለችኝ።

እንግዳዋ ወይዘሮ ዲክስትራ ናቸው፤ መንሸራተቻውን ከሱቃችን ያከራየኋቸው እኔ ነኝ። ጫማውን የሚይዘው መቆለፊያ የሚስተካከለው በሰው ክብደት ልክ ነው። ባላቸው አጠገባቸው ቆመው ስለነበር ኪሎ መጠየቅ አፈርሁ። ወፍራም ካፖርታቸውን አይቼ ከባድ ናቸው ብዬ ገመትሁና አጠበቅሁት። ሲወድቁ ጫማውን መልቀቅ ሲገባው አልተፈታም፤ ጉልበታቸው ተጠመዘዘ። እሳቸው ግን «አወዳደቅ ስለማላውቅበት ነው» እያሉ ራሳቸውን ይወቅሳሉ። ይህን ስሰማ መግቢያ ጠፋኝ።

የጻፍሁትን ለእማማ አነበብሁላት። ሰሙን የምታቀልጥበትን ካውያ አስቀመጠች።

«ብትጠይቂያት እስከ ምሳ ትቀየምሽ ነበር» አለች። «አሁን እስከ ፋሲካ ታነክሳለች።»

ከዚያ ቀና ሳትል «ጉልበትህ ይጽና፤ እሁድ እሁድ ድምፅህን አሰማን በይው» አለችኝ።

ነገ ሱቁ ሳይከፈት ወይዘሮ ዲክስትራ ወዳረፉበት እሄዳለሁ። ባላቸው ቢኖሩም ባይኖሩም፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርስዎ አይደለም እላቸዋለሁ።