ሰው ሳይሞት የተጣለ ድንኳን

ወንድሜ ሙከሚል፣

ሸሽቼው የመጣሁት የመሬት መንቀጥቀጥ ልደታ ድረስ ተከተለኝ! እህቴ ሳሚያ «እዚህ እንኳን አትሰጋም» እያለች ምሳ ስታቀርብልኝ፣ የአራተኛው ፎቅ ወለል እንደ ግመል ጀርባ ዋዠቀ። ደረጃውን በባዶ እግራችን ወረድነው። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጎረምሶች የእድሩን ድንኳን ሲጥሉ አይቼ ክው አልኩ፤ «ማን ሞተ?» አልኩ። ጎረቤቷ እትዬ አሰፋሽ ትራሳቸውን ታቅፈው እየገቡ «ማንም አልሞተ ልጄ፤ ለለቅሶዬ የሚጣለውን በቁሜ ልቀመጥበት ብዬ ነው» አሉኝ።

እኛ ፈንታሌ ተራራ ስር ቤታችን ቢወድቅ የሚጫነን ሰሌን ነው። እዚህ ግን ሲሚንቶ ነው፣ ሙከሚል፣ ሲሚንቶ! ደግሞ ሳይመሽ ሁሉም ወደየፎቁ ተመለሰ። «አይፈሩም?» ብላቸው፣ እትዬ አሰፋሽ «ቤቴ ነዋ! የት ልሂድ?» አሉኝ። አንተም አብረን እንውጣ ስልህ ያልከኝ ይህንኑ ነበር።

የስልኬ ካርድ ሊያልቅብኝ ነው። ለእናትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ፍየሎቹንም እይልኝ። ይህን የምጽፍልህ ድንኳኑ ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ ነው። አሁን አንድ መንገደኛ ጎንበስ ብሎ ገባና «እግዜር ያጽናህ» አለኝ። «አሜን» አልኩት።

ሁመድ