የጋሽ «ወይም» ዕረፍትና ሁለት ቃል የጎደለው አንቀጽ

የዱር እንስሳትና አእዋፍ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣ በአደን ቁጥጥር ክፍል ከፍተኛ ባለሙያ የነበሩት ባልደረባችን በሳንባ ሕመም ምክንያት በሆስፒታል ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ጠዋት በሞት መለየታቸውን ለሠራተኞቹ፣ ለአደን ፈቃድ ባለቤቶች፣ በረግረጉ ዙሪያ ለሚኖሩና ለሕዝብ በሙሉ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። መሥሪያ ቤታችን ለመግለጫ አዲስ አይደለም። የአደን ወቅት ሲከፈት ያወጣል፣ ሲዘጋ ያወጣል፣ ማንም አላነበበውም ሲባል መልሶ ያወጣል። ለዚህኛው ግን እጃችን ከብዷል።

ሟቹን በመዝገብ ስማቸው የሚጠራቸው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነበር። ለቀረነው «ጋሽ ወይም» ነበሩ። በይፋዊ መግለጫ ላይ ቅጽል ስም ማስፈራችን እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብን እንጠይቃለን። ቤተሰባቸውም «በሌላ ስም ብትጠሩት ማን እንደሞተ ማን ያውቃል?» ብሎ ፈቅዷል። ስሙ ከየት እንደመጣ ከዚህ በታች ይገለጻል።

ጋሽ ወይም የእንስሳት ሳይንስ ትምህርታቸውን ጨርሰው በረግረጉ መግቢያ ባለው የፍተሻ ኬላ ሥራ የጀመሩት ገና ጺማቸው በወጉ ሳይወጣ ነው። በዚያን ጊዜ የአደን ፈቃድ ማለት ማኅተም ማለት ነበር። ማኅተሙን የያዘ ሰው ያረገዘችውንም፣ የምታጠባውንም፣ ቀንድ ያላወጣውንም ጥሎ ይመጣል፤ ምን ጣልክ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። እሳቸው መጠየቅ ጀመሩ። «መኪናዬን አላስፈትሽም፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ ወይ?» ላላቸው አዳኝ፣ «የእርስዎን ማንነት ተረድቻለሁ፤ የቀረኝ ከኋላ የጫኑት ማንነት ነው» ብለው መመለሳቸው በኬላው ሠራተኞች ዘንድ እስካሁን ይነገራል። ጽሕፈት ቤቱም በዚሁ ሳቢያ ብዙ የስልክ ወቀሳ ተቀብሏል።

በቀጣዮቹ ዓመታት ያረገዘችና የምታጠባ እንስሳ መግደልን የሚከለክለውን መመሪያ አዘጋጅተው አጸድቀዋል። ወፎች እንቁላል በሚታቀፉባቸው ወራት ረግረጉ ለአደን ዝግ እንዲሆን አድርገዋል። ፈቃድ ያላቸው አዳኞች ሕገወጥ ተኩስ ሲሰሙ ራሳቸው የሚጠቁሙበትን አሠራርም የዘረጉት እሳቸው ናቸው። እነዚህ መመሪያዎች ሁሉ ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ይከበራሉ።

አሁን ያለው የአደን ሕግ የወጣው ጋሽ ወይም ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት በተዛወሩበት ዓመት ነው። የሕጉ አንቀጽ አምስት፣ ማደን ማለት «የዱር እንስሳን ወይም ወፍን በጦር መሣሪያ፣ በቀስት ወይም ውሻ በመልቀቅ መግደል ወይም ማቁሰል» ነው ይላል። አርቃቂዎቹ የጠመንጃ ሰዎች ስለነበሩ መረብ አልታያቸውም። ከቀዝቃዛ አገር በርረው ረግረጉ ላይ የሚያርፉትን ወፎች የሚጠብቃቸው ግን ጠመንጃ አይደለም፤ በሁለት እንጨት መካከል የተወጠረ፣ ጎሕ ሲቀድ ለዓይን የማይታይ ስስ መረብ ነው። ጠመንጃ አንድ ወፍ ሲጥል መረብ መንጋውን ያስቀራል። ድሮ ውኃውን ሸፍነውት የነበሩት ነጫጭ ወፎች ዛሬ እዚህም እዚያም ነጠላ ነጠላ ሆነው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ሕጉ በወጣ በመጀመሪያው ወቅት ጋሽ ወይም የአጥማጆች ሁሉ ነባር የሆኑትን፣ በሰፈራቸው «ሸረሪቱ» የሚባሉትን ሰው ከነመረባቸው ይዘው ለፍርድ አቀረቡ። ተከሳሹ የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ አጠመድኩ እንጂ አላደንኩም።» ዳኛዋ አንቀጹን ደጋግመው አነበቡ፤ መረብ የሚል አጡበት። ተከሳሹ በነጻ ተሰናበቱ፤ መረቡም እንዲመለስላቸው ታዘዘ። ዐረፍተ ነገሩ ወዲያው በረግረጉ ዳርቻ ተዛመተ። ዛሬ አባት ለልጁ ከመረብ አወጣጠር ጋር አብሮ ያስጠናዋል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራችን በየወቅቱ አንድ ዓይነት ነው። መረብ እንይዛለን፣ እንከሳለን፣ እንሸነፋለን፣ መረብ እንመልሳለን። የተያዘው መረብ የሚቆየው በምድር ቤቱ፣ ከውኃ ቆጣሪው አጠገብ ባለችው ጠባብ የዕቃ ክፍል፣ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ነው። ክፍሏ ጭቃና እርጥብ ላባ ትሸታለች። የመመለሱን ሥራ ጋሽ ወይም ለማንም አልሰጡም። በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ መረቡን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በየቀዳዳው የተሰነቀረውን ላባ አንድ በአንድ ይለቅማሉ። ለምን እንደሚደክሙ ሲጠየቁ፣ «ፍርድ ቤቱ ይመለስ ያለው መረቡን ነው። የዱር ወፍ የመንግሥት ሀብት ነው ይላል ሕጉ፤ ስለዚህ ላባው የእኛ ነው» ይሉ ነበር።

«ጋሼ፣ ለምን በመቀስ አይገላገሉትም?» የሚሏቸው ባልደረቦች ነበሩ። በዚህ ይቆጡ ነበር። ሕግ አስከባሪ የማይወደውን ትእዛዝ ካልፈጸመ፣ አጥማጁን የማትወደውን ሕግ አክብር ለማለት ምን አፍ አለው የሚል እምነት ነበራቸው። አብዛኞቻችን በዚህ እምነት ላይ የእሳቸውን ያህል ጽኑ አልነበርንም።

የመጀመሪያውን መረብ ለሸረሪቱ በመለሱበት በዚያው ዓመት፣ አንቀጽ አምስት ላይ ሁለት ቃል ብቻ እንዲጨመር ረቂቅ አቀረቡ፦ «ወይም ማጥመድ»። የቀረው የሥራ ዘመናቸው በእነዚህ ሁለት ቃላት አለቀ።

የሕግ ማሻሻያ ኮሚቴው ረቂቁን መጀመሪያ የመለሰው፣ ዓሣም ስለሚጠመድ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ የአደን ፈቃድ ሊጠየቅ ነው በሚል ሥጋት ነው። ጋሽ ወይም ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር ጋር ተወያይተው «ከዓሣ በስተቀር» የሚል ጨመሩበት። የማኅበሩ ሰዎች «ወፎቹ እኮ ዓሣችንን ነው የሚበሉብን፤ ይሁን እንግዲህ፣ ለአንተ ስንል» ብለው ተስማምተዋል። ረቂቁ በዚህ መልክ በድጋሚ ቀረበ።

ኮሚቴው በሁለተኛው ጊዜ፣ «ማጥመድ» የሚለው ቃል ከ«መጥመድ» ጋር ስለሚመሳሰል ገበሬው በሬውን እንዳይጠምድ የተከለከለ ሊመስለው ይችላል አለ። ጋሽ ወይም ስብሰባው ላይ ቀርበው፣ «እርግጥ ነው፣ በሬም ይጠመዳል፣ ወፍም ይጠመዳል። በሬው ግን ማታ ቤቱ ይገባል» ሲሉ አስረዱ። የኮሚቴው አባላት ከልባቸው ሳቁ። ሰብሳቢው ዓይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሳቁ። ረቂቁ ግን ተመለሰ።

በሦስተኛው ጊዜ ቃሉ ቀርቶ «በማናቸውም ዘዴ መያዝ» እንዲባል ተወሰነ። እንደተባለው ተደርጎ ሲቀርብ፣ የታመመ ወፍ በእጁ የያዘ የእንስሳት ሐኪምን ያስቀጣል ተብሎ ውድቅ ሆነ። ሐሳቡ የኮሚቴው የራሱ እንደነበር ለማስታወስ እንወዳለን። ከዚያ በኋላ ረቂቁ ከቀድሞዎቹ ሁለት ቃላት ጋር ቀርቦ ለተመለሰባቸው ጊዜያት ምክንያት ስለመሰጠቱ እርግጠኛ አይደለንም። ረቂቁ በተመለሰ ቁጥር ጋሽ ወይም በማግስቱ ጠዋት ጽሕፈት ክፍል በር ላይ ይገኛሉ። ጸሐፊዋ «ጋሼ፣ ይህን ረቂቅ እኔ ሳልሆን ጣቶቼ ናቸው የሚያውቁት» ትላቸው ነበር።

ስሙ የወጣው በዚህ መካከል ነው። በስብሰባ ላይ ማንም ሰው «ወይም» ባለ ቁጥር ቤቱ ሁሉ ዞሮ እሳቸውን ማየት ለመደ። ቤታቸውም አላረፉም፤ ባለቤታቸው «ሻይ ወይም ቡና?» ብለው በጠየቁ ቁጥር ልጆቻቸው ይንከተከቱ ስለነበር፣ ኋላ ኋላ ሁለቱንም ዝም ብለው ማቅረብ እንደመረጡ ነግረውናል። አጥማጆቹ በበኩላቸው «ይህ ሰው ጠምዶ ይዞናል» እያሉ አቤቱታ ያስገቡ ነበር። የጋሽ ወይም መልስ፣ «እኔ ሰው ጠመድክ ተብዬ እከሰሳለሁ፤ እነሱ ወፍ አጥምደው በነጻ ይሄዳሉ» የሚል ነበር። ድሮ እየሳቁ ነበር የሚሉት። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሳይስቁ ይሉት ጀምረው ነበር፤ እኛም መሳቅ ትተን ነበር።

የጡረታ ጊዜያቸው ሲደርስ በኮንትራት እንዲቆዩ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው ዕረፍ ቢሏቸው፣ ባለቤታቸው ሳልህን አትሰማውም ወይ እያሉ ቢቆጡ፣ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ቃሉ ሕጉ ውስጥ ይግባ፤ ያኔ እኔም ቤቴ እገባለሁ።»

ባለፈው ወቅት የሸረሪቱ ትልቁ መረብ በድጋሚ ተያዘ። ጋሽ ወይም በዚያ ጠዋት እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው፣ እያሳሉ፣ የታሰሩትን ወፎች ከእግራቸው ጀምረው እያላቀቁ ለቀዋል። ያልደረሱላቸውም ነበሩ። ፍርድ ቤቱ እንደተለመደው መረቡ ይመለስ ሲል አዘዘ። ጋሽ ወይም መረቡን ሚስማሩ ላይ ሰቅለው፣ ሰኞ እለቅመዋለሁ ብለው ወጡ። በዚያው ቅዳሜና እሑድ ሆስፒታል ገቡ፤ ወደ ቢሮም አልተመለሱም።

የቀብር ሥነ ሥርዓታቸው ረቡዕ ዕለት ተፈጽሟል። ባለቤታቸው ሐዘን ላይ ሆነው ለባልደረቦቻቸው ያሉት፣ «በሬው እንኳ ማታ ቤቱ ይገባል ይል ነበር። እሱ ራሱ ሳይገባ ቀረ» የሚል ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሕግ ማሻሻያ ኮሚቴው ጥሪ ደረሰን። ረቂቁ እንደገና ሊታይ ስለሆነ ባለሙያው በአካል ቀርበው «ማጥመድ» የሚለውን ቃል ትርጉም እንዲያብራሩ ይጠይቃል። ባለሙያው በአካል መቅረብ የማይችሉ መሆኑን አሳውቀናል። የሰጧቸው ማብራሪያዎች በኮሚቴው ዘንድ በብዛት ስለሚገኙ ከመካከላቸው አንዱ እንዲነበብም በትሕትና ጠይቀናል።

ዓርብ ዕለት ሸረሪቱ በዕቃ ክፍሉ በር ላይ ተገኙ። ወፎቹ መምጣት ስለጀመሩ መረባቸውን ሊረከቡ ነው የመጡት። የዕቃ ክፍል ሠራተኛዋ ከሚስማሩ አውርዳ ብትሰጣቸው፣ መስኮቱ ጋ ወስደው ወደ ብርሃኑ ዘረጉትና በጣታቸው ዳበሱት። «ይሄማ አልተለቀመም» አሉ። «እሱ ላባውን ሳይለቅም ሰጥቶኝ አያውቅም። ላባው የመንግሥት ነው ብሎኛል። ነገ የመንግሥት ንብረት ይዘህ ተገኘህ ልባል ነው?» ሠራተኛዋ እኔ ለቅሜ ልስጥዎት ብትላቸውም፣ «ተይው ልጄ። እሱ ካልለቀመው ከማንም አልረከብም» ብለው መረቡን ራሳቸው መልሰው ሰቀሉት። ሲወጡ ያለቅሱ እንደነበር ሠራተኛዋ ገልጻለች።

ጽሕፈት ቤቱ ለጋሽ ወይም ባለቤት፣ ለልጆቻቸው፣ ለኬላና ለቢሮ ባልደረቦቻቸው፣ ሲሟገቷቸው ለኖሩትም ጭምር መጽናናትን ይመኛል። እውነቱን ለመናገር እኛም መጽናናቱን እንፈልገዋለን። ረቂቁ ትናንት ተተይቧል፤ ሁለቱ ቃላት በቦታቸው አሉ።

በመጨረሻም ለአጥማጆችና ለሚመለከታቸው ሁሉ የሚከተለውን እናስታውቃለን። ከተያዙ መረቦች ላይ ላባ የመልቀም ሥራ፣ ሥራውን ያከናውኑ የነበሩት ባለሙያ በሞት በመለየታቸው ተቋርጧል። ላባው ያልተለቀመለት መረብ የመንግሥትን ሀብት የያዘ ስለሆነ ከዕቃ ክፍል ሊወጣ አይችልም። በቦታው ሌላ ሰው አልተመደበም፤ የቅጥር ማስታወቂያም አይወጣም።