ስለ ጥቆማ ስልክዎ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የአዝመራ ብርሃን ሰሊጥ ላኪ ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ይህች ደብዳቤ ከቢቸና ተነሥታ እጅዎ ስትገባ እርስዎንም ቤተሰብዎንም በሙሉ ጤንነት እንድታገኛችሁ ምኞቴ ነው። አካለ ወልድ እባላለሁ፤ በዚሁ ከተማ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ጤንነትዎን አጥብቄ የምመኘው ያለ ምክንያት አይደለም። የእህቴ ባል ባንተአምላክ የት እንዳለ ሊነግሩኝ ከሚችሉ ጥቂት ሰዎች አንዱ እርስዎ ስለሆኑ፣ ሳይነግሩኝ አንዳች ነገር እንዳይደርስብዎ እሰጋለሁ።

፩ኛ፦ በቅድሚያ ስለ ምልመላ ትሕትናዎ አመሰግናለሁ። ባንተአምላክ የሞጣ ግንበኛ ነው። ሲሚንቶ ጠፍቶ ሥራ በቀዘቀዘበት ሰሞን የድርጅትዎ ወኪል አቶ ዘመነ በመናኸሪያው አግኝተውት፣ ቆላ ባለው እርሻዎ የመጋዘን ግንባታ እንዳለ፣ መኝታና ምግብም በድርጅቱ እንደሚቻል አስረዱት። ሠራተኞቹን የጫነው መኪና ሊነሣ ሲል እህቴ አምሳለች፣ «መታወቂያቸውንና ስልካቸውን ለምን ትሰበስባላችሁ?» ብላ ብትጠይቃቸው፣ «እንዳይጠፋባቸው ነው እህቴ» ብለው በፈገግታ መለሱላት። እስከማውቀው ድረስ መታወቂያው አልጠፋም። የጠፋው ሰውየው ነው።

፪ኛ፦ ለሠራተኞችዎ ስለሚያደርጉት ጥብቅ ጥበቃ። በዚያው መኪና የሄደው የደብረ ወርቁ ወጣት ፍቅረ ሥላሴ፣ ሰሊጥ ከጫነ መኪና ላይ ዘሎ አምልጦ፣ ወባ ያደቀቀውን ገላውን እየጎተተ ቢቸና ደረሰ። እንደነገረኝ የሚገነባ መጋዘን አልነበረም። የነበረው አጨዳ፣ አጥርና በሩ ላይ የቆሙ ባለ ጠመንጃዎች ናቸው። በትኩሳት የሚንቀጠቀጥ አንድ ሠራተኛ ሐኪም ቤት ውሰዱኝ ቢል፣ «አጨዳው ሲያልቅ ትታከማለህ» ተባለ። ያን ጊዜ ባንተአምላክ ማጭዱን አስቀምጦ፣ «እኛ ልንሠራ መጣን እንጂ ልንታሰር አልመጣንም። መታወቂያችንን መልሱ፤ ይህን ሰውም ሐኪም ቤት አድርሱት» አለ። በማግስቱ ጠዋት «ወደ ሌላ እርሻ ተዛውሯል» ተባለ። ጫማው ግን ከመኝታው ሥር እንዳለ ነበር። በዚያ እሾሃም ምድር ሰውን ባዶ እግሩን የሚያዛውር አሠራር ከየት እንደተማሩት ብጠይቅ ድፍረት ይሆንብኛል።

፫ኛ፦ ስለ ሥልጠናው። የውጭ አገር ገዢዎችዎ ጥያቄ ማንሣት ሲጀምሩ «ዘመናዊ ባርነትን በድርጅታችንና በአቅርቦት ሰንሰለታችን መከላከል» የሚል ሥልጠና ቢቸና አዳራሽ ውስጥ አዘጋጁ፤ እኔንም በመምህርነቴ ጠሩኝ። አሠልጣኟ ወይዘሪት ፍሬ ከልባቸው አስተማሩን። በውሸት ተስፋ መመልመል፣ መታወቂያ መያዝ፣ ከግቢ እንዳይወጡ መከልከል የባርነት ምልክቶች መሆናቸውን ሲዘረዝሩ፣ የእህቴን ባል ታሪክ ማን ነገራቸው ብዬ ተገረምሁ። በመጨረሻም የድርጅቱን የጥቆማ ስልክ ቁጥር ግድግዳው ላይ አሳዩን። ማንም ሰው ያለ ስጋት ሊደውል እንደሚችል፣ ምስጢሩም እንደሚጠበቅ አረጋገጡልን።

እኔም ከተቀመጥኩበት ሳልነሣ ደወልሁ።

ከፊት ወንበር የአቶ ዘመነ ኪስ ጮኸ። «ሃሎ?» ሲሉ ድምፃቸውን ከአዳራሹም ከስልኬም ሰማሁት። «ባንተአምላክ የት ነው?» አልሁ። ስልኩን ዘጉና ዞረው አዩኝ። ወይዘሪት ፍሬ አንዴ እኔን፣ አንዴ እርሳቸውን አዩ።

በሻይ እረፍት አቶ ዘመነ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ጋሼ መምህር፣ ሃና እንዴት ናት? ከትምህርት ቤት የምትመለሰው በጤና ጣቢያው በኩል ነው አይደል?» አሉኝ። ልጅ እንዳለችኝ ነግሬያቸው አላውቅም። ለቤተሰቤ ያሳዩትን አሳቢነት ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሃናን ይዤ የምመለሰው እኔ ነኝ፤ ታርጋ የሌለው ፒክአፕም ከኋላችን ቀስ ብሎ ይሸኘናል። እጇን አጥብቄ ስለምይዝ «አባዬ፣ አመመኝ» ትለኛለች።

ክቡርነትዎ፣ አልዋሽዎትም፤ ፈርቻለሁ። ብፈራም ከፍቅረ ሥላሴ ጋር ዐቃቤ ሕግ ዘንድ ሄደን ቃላችንን ሰጠን። ወጥተን ደጅ ስንደርስ ወይዘሪት ፍሬ ብቻቸውን ቆመው አገኘናቸው። «እኔም ያየሁትን ልናገር ነው የመጣሁት» ብለው ገቡ። ለሠልጣኞችዎ ያወጡት ወጪ ቢያንስ አሠልጣኟን ጠቅሟል።

በዚያው ሳምንት አቶ ዘመነ ሞጣ ላይ ሌላ መኪና ሰው ጫኑ። አምሳለች ሰምታ ሮጣ ደረሰችና ከመኪናው ፊት ቆመች። «ባሌን የት እንዳደረሳችሁት ሳትነግሩኝ ይህ መኪና የሚሄደው በእኔ ላይ ነው!» አለች። ሾፌሩ ሞተሩን እያስጮኸ ቀሚሷን እስኪነካ ድረስ ተጠጋ። አልተነቃነቀችም። ከላይ የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ወረዱ፤ መታወቂያቸውንም ተቀበሉ። መኪናው ባዶውን ሄደ፤ አቶ ዘመነም አብረው ሄዱ።

ፖሊስ እርሻው ሲደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ጠባቂ የለም፣ ሠራተኛ የለም። ምድጃው ግን ገና ትኩስ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ወዴት እንደተነዳ እርስዎ ያውቃሉ። ሌላ ቅሬታ ስለሌለኝ ሌላ ቁጥር አልጨምርም። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፦ ባንተአምላክ በሕይወት ካለ መልሱልን፤ ከሌለም የት እንደቀበራችሁት ንገሩን።

ጤናዎን ዘወትር የምጠይቅ፣ ከደጅዎም የማልርቅ፣

አካለ ወልድ
ከቢቸና

ማስታወሻ፦ የእንግሊዝኛ መምህሩ ባልደረባዬ ሣህለ ማርያም ይህን ደብዳቤ ተርጉሞ ለገዢዎችዎ ልኮታል። በዚያ ቋንቋ «እርስዎ» የሚባል ቃል ስለሌለ፣ ሳይወድ በግዱ ከላይ እስከ ታች «አንተ» ብሎዎታል። እርሱን ወክዬ ከእርስዎ ይቅርታ ልጠይቅ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ። ሁለቱን አስተያይቼ ሳነባቸው፣ የተሳሳተው የእኔው «እርስዎ» ሆኖ አገኘሁት።