ታጥቦ ስለሞተው አውራ በጋችን

ለተከበሩ የእንስሳት ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔና እህቴ ደኅና ነን ለማለት ቢያቅተንም፣ እርስዎ ከዐውደ ርዕዩ ጉንፋን እንኳ ሳይነካዎት መመለስዎን ሰምተን ደስ ብሎናል። የዚያን ዕለት ዝናብ ላይ ቆሞ የዋለው ሌላ ነበርና።

ጽሕፈት ቤትዎ ለዐውደ ርዕዩ ለሦስት ቀን ተውሶ የወሰደው፣ ሜሪኖ የተባለው የፈረንጅ ዘር አውራ በጋችን፣ እህቴ በጡጦ ያሳደገችው፣ በአካባቢያችን ከዘሩ ብቸኛው አውራ፣ ሬሳው ተመልሶልናል። ሦስቱ ሴት በጎቻችን በእሱ ተጠቅተው ሊፀንሱ የቀራቸው ሁለት ሳምንት ነበር። ከእንግዲህ ያ ለስላሳ ሱፍ በቤታችን ዘር የለውም። ስለዚህ ምስጋናችንን በተራ ቁጥር ማቅረብ ግድ ሆኖብናል።

፩. ሠራተኞችዎ በጉ አድፏል፣ ለክቡር እንግዳ አይቀርብም ብለው መጨነቃቸውን እናደንቃለን። የሜሪኖ ሱፍ ከላይ አቧራ ጠጥቶ ቢያድፍም በጣት ሲከፈት ውስጡ ነጭ መሆኑን፣ ያ የሚጠሉት ወዝም የዝናብ ካፖርቱ መሆኑን እህቴ በር ላይ ቆማ ሁለት ጊዜ አስረድታቸው ነበር። እነሱ ግን የተማሩ ናቸውና ከአንዲት ፈታይ ምክር መቀበል አልሆነላቸውም።

፪. በሙቅ ውሃ፣ በዱቄት ሳሙናና በወለል ብሩሽ ፈትገው ስላጠቡልን እግዜር ይስጥልን። ሱፉ እዚያው ጀርባው ላይ ተጨማዶ ምንጣፍ ሆነ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ስለ ወንዝ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ባልዲም ይወስዳል።

፫. ስሕተትን ማረም የዐዋቂ ወግ ነውና፣ ሠራተኞችዎ ምንጣፉን እስከ ቆዳው ሸልተው፣ በጉን እርቃኑን ከዐውደ ርዕዩ መግቢያ በር ዝናብ ላይ አቆሙት። አንገቱ ላይ ያሰሩለት ቀይ ሪባን ደርሶናል። ብርድ እንዳይገባው ታስቦ ይሆናል።

፬. ሐኪም ተልኮልናል፤ በሞተ በማግስቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብለን አልተረትንም፤ ጨዋዎች ነን። ሐኪሙ ሬሳውን ከሩቅ አይቶ የሞቱ ምክንያት አልታወቀም ብሎ ጽፏል። እኛ ግን የሳሙናውን ስም ጭምር እናውቃለን።

እህቴ ከዚያ ወዲህ እንዝርቷን አልነካችም። የእኔም አንጀት እርር ብሏል። ይህን ሁሉ በትሕትና የምጽፈው የልቤን ወረቀት ስለማይችለው ብቻ ነው።

ዕድሜና ሥልጣን ይጨምርልዎት፤ እጅዎን ግን ከበረታችን ያርቅልን።

ከወገብ ዝቅ ብለን እጅ የምንነሳ፣
የሟቹ አሳዳጊና በረት ጠራጊው ወንድሟ

ማሳሰቢያ፦ በዐውደ ርዕዩ መክፈቻ አንገትዎ ላይ የነበረውን ሻርፕ አይተነዋል። አምና እህቴ በመጀመሪያ ከተሸለተው የበጉ ሱፍ ፈትላ በስጦታ ያበረከተችልዎት ነው። ሲያድፍ እባክዎ ለሠራተኞችዎ አይስጡት። ከእሱ የቀረው ያ ብቻ ነው።